ቀስ ብዬ ወደ ቁንዝላ

እኔ እሑድ እሑድ ብስክሌት እየነዳሁ ከከተማ የምወጣ ሰው ነኝ። የምሠራው ባሕር ዳር፣ በአንድ ኮሌጅ ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተሰበረ ወንበር ስረከብ፣ ቀለም የለቀቀ ጠረጴዛ ሳስረክብ እውልና እሑድ ሲደርስ ብቻዬን ገጠር ለገጠር እጋልባለሁ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይቀልዱብኛል። «በዚህ ዕድሜህ ለማን ብለህ ነው የምትለፋው? ሜዳሊያ ሊሰጡህ ነው?» ይሉኛል። ማንም ምንም አይሰጠኝም። ብዙ የነዳ ሰው ግን ወደ ማታ ላይ ምንም ማሰብ ያቅተዋል፤ እኔ የምወደው እሱን ነው።

የምነግራችሁ ቀን ግን ማክሰኞ ነበር፤ ወሩ ኅዳር። መንገዱ ተዘግቶ መኪና ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በነዚህ ዓመታት በኛ አካባቢ መንገድ ሲዘጋ ሰው ለምን ብሎ መጠየቁን ትቶታል፤ መቼ ይከፈታል ብቻ ነው የሚለው። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ከቁንዝላ የምትደውለው እኅቴ ነበረች። እሷና አባቴ እዚያው በተወለድንበት ቤት፣ ሐይቁ ዳር፣ አብረው ይኖሩ ነበር።

«አባዬን ትንሽ አመም አድርጎታል» አለችኝ። «ብትመጣ ጥሩ ነበር። አይዞህ፣ አትደንግጥ። ቀስ ብለህ ና።»

«ስጪኝና ላናግረው» አልኋት።

«አሁን ገና እንቅልፍ ወስዶታል። አልቀሰቅሰውም።»

በቃ፣ አባቴ ሞተ አልሁ በልቤ።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ላለ ልጅ «ትንሽ አመም አድርጎታል» ተብሎ ይደወልለታል። ልጁ ሲመጣ ጎረቤት ቤት ያስገቡታል፣ እህል ያቀርቡለታል፣ ያሳድሩታል። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መርዶውን ያረዱታል። እናቴ የሞተች ጊዜ በነዚሁ ቃላት ነው የተጠራሁት። እኔ ሞኙ አምኜ መራዊ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ብርቱካን ገዛሁላት። ፌስታሉን አንጠልጥዬ ጎረቤት ቤት ስገባ ሴቶቹ ብርቱካኑን አዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማደሩን አደርሁ፤ እራት በላሁ፤ እንዲያውም ከጎረቤቱ ጋር ስለ ዳጉሳ ዋጋ ሳወራ አመሸሁ። ሲነጋ አረዱኝ። ከሐዘኑ ይልቅ ለብዙ ጊዜ ያንገበገበኝ ያ ብርቱካን ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም በዚህ ቃል እንዳያታልለኝ ለራሴ ምዬ ነበር።

ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። እኅቴ ያለችውን ነገርኋት። «እግዜር ይማረው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦና ውሃ፣ ከሥር ደግሞ ጥቁሩን ሹራቤን ስትከት አየኋት። ለታመመ ሰው ጥቁር ሹራብ ምን ይሠራለታል?

«መኪና የለ፤ በምን ልትሄድ ነው?» አለች።

«በምን እሄዳለሁ? በብስክሌቴ ነዋ።»

«ያን ሁሉ መንገድ?»

«እሑድ እሑድ ምን ስሠራ ኖሬ ነው?» አልሁና ጎማዬን በፖምፓ ነፋሁ። ካቴናውን ዘይት ቀባሁት፣ ፍሬኑን ሞከርሁት፤ ሁሉንም እንደ ማንኛውም እሑድ በየተራው አደረግሁ። ይሄኔ ማልቀስ ነበረብኝ ብዬ አሰብሁ፤ እንባ ግን የለም።

አንድ ሰዓት ላይ ከከተማው ወጣሁ። አስፋልቱ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ሚኒባስና አይሱዙ ጠርዝ ላይ እየገፋኝ የማልፈውን መንገድ ያን ቀን መኻሉን ይዤ ነዳሁ። ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ አህያ ይሄዳል፤ ጋሪ አልፎ አልፎ። ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ እሰክር ነበር። ያን ቀን ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ ፔዳሉ ይመለሳል፣ እረግጣለሁ፤ ይኸው ነው። መሸንቲ ስደርስ ላብ እንኳ አላጠመቀኝም።

መሸንቲ ላይ ስልኬ ጮኸ። እኅቴ። አየሁትና ኪሴ ውስጥ መለስሁት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጮኸ። ምን እንደምትለኝ አውቀዋለሁ፤ «የት ደረስህ? አሁን ሻል ብሎታል» ልትለኝ ነው። እኔም «እሰይ፣ ተመስገን» ልላት ነው። እሷ እያለቀሰች፣ እኔ እያወቅሁ። ኧረ ተዉኝ! እንዲህ ያለ ቲያትር በባዶ ሆዴ አልችልም። ደግሞም እኅቴ በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ሰው ናት፤ ውሸት ሲያንቃት መስማት አልፈለግሁም። ስልኩን አጠፋሁት።

መራዊ ገብቼ ቁርስ በላሁ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከኔ በቀር ሁለት ሰው ቢኖር ነው። ፍርፍር ቀረበልኝ፤ ሳላስበው ትሪውን ጠርጌ ጨረስሁት፤ ሻይም ደገምሁ። አባቱ የሞተበት ሰው እንዲህ ይበላል እንዴ? አልሁ። አፈርሁ። ኀፍረቱም ቢሆን ሩቅ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የሰማሁት ወሬ ይመስል ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ተቀምጣ ነበር። ፊቴን አዙሬ አለፍኋት።

ከመራዊ በኋላ ነገሩን አወጣሁ አወረድሁት። ወንድ ልጁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያለ እኔ አይቀብሩትም። ነገ ጧት ያረዱኛል፤ ቀትር ላይ ይቀበራል። ዛሬ ቶሎ ብደርስ ምን አገኛለሁ? ጎረቤት ቤት ጥግ ላይ ተቀምጬ ሰዎች ሲጠብቁኝ፣ ልጆችን «ዝም በሉ» እያሉ ሲያባርሩ፣ እኔም ምንም እንዳላወቅሁ ሆኜ ወሬ ሳወራ መዋል ነው። እሱን በስምንት ሰዓት ከምጀምረው በአሥራ ሁለት ሰዓት ብጀምረው ይሻላል። ማታ ደርሼ፣ ደክሞኛል ብዬ፣ ተኝቼ፣ ሲነጋ የሚሉኝን ይበሉኝ። ይህን ከወሰንሁ በኋላ እግሬን ለቀቅ አደረግሁት። ማርሹን ቀንሼ፣ ቁልቁለቱን ሳልረግጥ፣ ዳገቱን ከብስክሌቴ ወርጄ እየገፋሁ ሄድሁ። እኅቴስ ቀስ ብለህ ና አላለችኝም?

ወተት ዓባይ ድልድዩ ላይ ቆሜ ውሃውን አየሁ። አባቴን ላስበው ብዬ ራሴን አስገደድሁት። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ነው የሚያወራ፤ ልጅ ሆኜ ሁሉም ሰው አባት ሲሆን እንዲህ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ብስክሌቴን አይወዳትም። «ሱሪ ጨራሽ» ነው የሚላት። ልጠይቀው በሄድሁ ቁጥር ገና ሰላም ሳይለኝ ዙር ይለኝና የሱሪዬን መቀመጫ ይመረምራል። «አሁን ይኼ የመንግሥት ሠራተኛ ሱሪ ነው?» ይልና ያስወልቀኛል፤ እኔ ጋቢ ለብሼ ስጠብቅ እሱ ከውስጥ በኩል ይጥፈዋል። ይህን ሁሉ አሰብሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴ ይባባ ነበር። ያን ቀን ግን ባዶ ስልቻ ስፈትሽ የዋልሁ ይመስል ምንም አላገኘሁም። ድልድዩን አልፌ ነዳሁ።

ዱርቤቴ ላይ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቁንዝላ የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ አንድ የማውቀው ሰው አገኘሁ። የቁንዝላ እህል ነጋዴ ነው፤ አባቴ ዕድሜ ልኩን ሱሪ የሰፋለት። ጧት በሞተር ብስክሌት ተነሥቶ መምጣቱ ነው። ገና ሲያየኝ ሻይ ቤቱ ደጅ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«አባትህ ዘንድ ነው?»

«አዎ። አመመው ብለውኝ።»

«ማታ ጠይቄያቸው ነበር። ሌሊቱን ከብዷቸው ነበር፤ ዛሬ ጧት ግን ሻል ብሏቸዋል አሉኝ። ሻይም ጠጥተዋል። አንተን እየጠየቁ ነው፤ ቶሎ ድረስላቸው።»

ፊቱን አየሁት። ሲዋሽ ዓይኑን እንኳ አይሰብርም! ደሜ ፈላ። ቀኑን ሙሉ የተሰማኝ ነገር ቢኖር ያ ንዴት ብቻ ነው። ሻል ብሏቸዋል! ሻይ ጠጥተዋል! በናቴም ጊዜ እኮ ገንፎ ቀመሰች ብለውኝ ነበር።

«እሰይ፣ እንኳን» አልሁት።

ሻይ አዝዤ ጠጣሁ፤ እኔ ልክፈል አለ፤ ከፈለ። ቦርሳዬ ረገብ ብሏል ብሎ ራሱ አጥብቆ አሰረልኝ። ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝና «ለምን ብስክሌቷን እዚህ አትተዋትም? በሞተር ላድርስህና ልመለስ» አለኝ።

«ሥራህስ?»

«ሥራ የትም አይሄድ። አባትህ ናቸው እኮ!»

አባቱ በሕይወት ላለ ሰው ማን እንዲህ ይሳሳለታል? አሁን ምንም ጥርጥር አልቀረኝም። «ኧረ ግድ የለም፤ እኔ በራሴ ብሄድ ይሻለኛል» አልሁት። ደጋግሞ ለመነኝ፤ ደጋግሜ እንቢ አልሁት። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ለቀቀኝ። «በል ሳትቆም ንዳ» አለኝ። ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ከዱርቤቴ በኋላ ጠጠር ነው። አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይፈናጠራል፤ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያልያዘ ሰው ቦይ ውስጥ ይገባል። በሁለቱም በኩል ዳጉሳ እየታጨደ ነበር። ደቦ የወጡ ሰዎች ጎንበስ ብለው እያጨዱ ቀና ሲሉ ያዩኛል። «እግዜር ያድርስህ!» ይሉኛል። «በርቱ! ያበርታችሁ!» እላለሁ። አፌ ራሱ ይመልሳል እንጂ እኔ የለሁበትም። አንዲት ሴት ከማሳው ዳር ጠላ በጣሳ ይዛ መጣችና ቁሜ ጠጣሁላት። «ምን ያስቸኩልሃል፣ ድገም እንጂ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምን ያስቸኩለኛል? ደገምሁ።

ሊበን ሳልደርስ አንዲት ትንሽ ወንዝ አለች። እዚያ ወረድሁ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውሃው ውስጥ ከተትሁ። ከባለቤቴ ዳቦ ግማሹን በላሁ። ፀሐዩ ገና ነው፤ እንዲህ ከቀጠልሁ ሳልፈልገው በጊዜ ልደርስ ነው። ከዋንዛው ጥላ ሥር ቦርሳዬን ተንተርሼ ጋደም አልሁ። ትንሽ ልረፍ ነበር ያልሁት። ከዚያ በኋላ የማውቀው የለም። ጠላው ነው፣ ድካሙ ነው፣ ወይ የሆዴ ድንዛዜ፣ እንጃ፤ ብቻ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ሕልምም አላየሁ። ስነቃ ጥላው ዞሮ ፀሐይ ፊቴ ላይ ወጥታለች። ሰዓቴን ሳይ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ተንጠራራሁ፣ ፊቴን ታጠብሁ፣ ጫማዬን አጠለቅሁ። ሳልቸኩል።

ቁንዝላ ላይ ሐይቁ መጀመሪያ የሚታየው ከመጨረሻው ዳገት ጫፍ ነው። ወጥቼ አየሁት። ቆርቆሮዎቹ ከሥር ያብለጨልጫሉ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ ወረድሁ። የኛ ሰፈር መግቢያ ጋ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ። ሴቶች ናቸው፤ ደረት እየመቱ ነው።

ቆምሁ። ግራ ገባኝ። እንዴ! እኔ ሳልረዳ ለምን ይጮሃሉ? ልጁ እየመጣ መሆኑን እያወቁ? ደንቡ የት ሄደ? ቢያንስ እኔ ጎረቤት እስክገባ ዝም አይሉም? ሰዎች የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ከኔ ፊት እየሮጡ አለፉ። ድንኳን ገና አልተተከለም። አንድም የሚጠብቀኝ ሽማግሌ መንገድ ላይ የለም። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ከአናቴ እስከ እግሬ ድረስ ክው ያደረገኝ። ብስክሌቴን አጥር ላይ ጥዬ ሮጥሁ።

እኅቴ ደጃፉ ላይ አገኘችኝ። ነጠላዋ ወድቋል፣ ፀጉሯ ተፈትቷል። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አልደረስህም!» አለችኝ። «ወንድሜ፣ አሁን እኮ ነው! አሁን አመለጠህ!»

ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። አባቴ አልጋው ላይ ነው፤ ገና አልተገነዘም። እግሩ ከብርድ ልብሱ ወጥቷል። ያዝሁት። ይሞቃል። ጭራሽ አልቀዘቀዘም፤ ተኝቶ የቆየ ሰው እግር ነው። በሁለት እጄ ጠቅልዬው ቆምሁ። ጧት ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ እኔ ግን ማልቀስ አይገባኝም ነበር፤ ይህንንም ወዲያው አወቅሁት።

እኅቴ ትከሻዬን ይዛ ሁሉንም ነገረችኝ። ያላየሁት እንዳይቀርብኝ ብላ ነው፤ ለኔ አስባ። ጧት እውነትም ተኝቶ ነበር። ሲነቃ ሻይ ጠጣ። ልጅህ እየመጣ ነው ስትለው ትራሱን ወደ በሩ በኩል አዙሩልኝ አለ። በብስክሌት መሆኑን ከባለቤቴ ሰምታ ስትነግረው ሳቀ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ሲሄድ ዋለ። ያን መንገድ በወጣትነቱ ጨርቅ ሊገዛ በእግሩ የተመላለሰበት ነው። «አሁን መሸንቲ ነው» ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ «አሁን መራዊ ገብቷል፤ ቁርስ ይብላ።» ስድስት ሰዓት ላይ፣ «ዱርቤቴ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ ጠጠር ነው፣ ይጎዳዋል።» እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በትክክል አግኝቶታል፤ አንዱን እንኳ አልሳተም። ስምንት ሰዓት ሲሆን «ሊበንን አለፈ። ቀና አድርጉኝ» አለ። ቀና አደረጉት። በሩን እያየ ጠበቀ። እሷ ትደውላለች፤ ስልኬ አይሠራም።

«እኔስ በቃ፣ ደክሞታል፣ ላስተኛው ብዬ ነበር» አለችኝ። «እንቢ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ‹ይኼ ልጅ መንገድ ላይ ምን ነካብኝ?› አለ። ስላንተ ፈራ። እሱኑ ሲደጋግም ቆይቶ፣ አሁን አንተ ልትደርስ ስትል ነው ነፍሱ የወጣው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንዝ ዳር ፊቴን እየታጠብሁ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ እኅቴ። «ምን አገኘህ?»

ሁሉም ሰው ያየኝ ነበር። ሞቷል ብዬ አምኜ፣ አንቺን ውሸታም አድርጌ፣ በሞተር ላድርስህ ያለኝን ሰው እንቢ ብዬ፣ ጠላ ጠጥቼ ተኛሁ ልበላት?

«ጎማዬ ፈነዳ» አልኋት። «ሁለቴ ፈነዳብኝ።»

«ውይ ወንድሜ» ብላ ራሴን ደረቷ ላይ አደረገችው።

በማግስቱ ቀበርነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጥቁሩን ሹራብ ለብሼ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጥሁ። መኪና በጠፋበት፣ ጎማው እየፈነዳ፣ ለአባቱ ሲል ከባሕር ዳር ቁንዝላ በብስክሌት የመጣ ልጅ ወሬ ሰፈሩን ዞሮታል። ሰው ሁሉ እየመጣ ትከሻዬን ይነካኛል። ዱርቤቴ ላይ ያገኘሁት ነጋዴም ሰምቶ መጥቶ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ አየኝ፤ ስለ ሞተሩም ሆነ ስድስት ሰዓት ላይ ዱርቤቴ ስለ መድረሴ ለማንም ቃል አልተነፈሰም። ከአባቴ ጋር ያረጁት ጎረቤታችን ተደግፈው ተነሡና እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑ።

«አባትህ ደስ ብሏቸው ነው የሄዱ» አሉኝ። «አንተ የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል። ላንተም እንዲህ ያለ ልጅ ይስጥህ።»

ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፤ እኅቴም ትሰማለች።

«አሜን» አልሁ።